የበለዘው ጉልበቴ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ የምቀዳው ከእማማ ቤት ነው፣ እዚሁ ጎንደር፣ አራዳ። ግቢው ዶሮም ልጅም አለበትና ድምፅ ከገባ ይቅርታ።

ጥር 12 ሚካኤልን አጅበን ከባሕረ ጥምቀቱ ስንመለስ ኮብልስቶኑ አንሸራተተኝና በጉልበቴ ወደቅሁ። ሰው ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ማታ ሳየው አብጦ ቀልቷል። በነጋታው በለዘ፣ ጠቆረ። እማማ «አንቺ ልጅ፣ ደሙ ረግቷል» ብለው ቅቤ ቀቡኝ። ከቀናት በኋላ ዳር ዳሩ አረንጓዴ ሆነ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ቢጫ! እማማ አይተው «የወፍ በሽታ ጉልበትሽ ላይ ወጣ እንዴ?» አሉ።

ለቀልድ ነው ያሉት፣ ግን ልክ ናቸው። የወፍ በሽታ የያዘውን ሰው ዓይን ቢጫ የሚያደርገውና ጉልበቴን ቢጫ ያደረገው አንድ ነገር ነው፤ ቢሊሩቢን ይባላል። አረንጓዴው ደግሞ ከእሱ አንድ እርምጃ ቀደም ብሎ የሚመጣው ቢሊቨርዲን ነው። እነዚህን ቀለሞች የሚሠራቸው ማክሮፌጅ የሚባል ሕዋስ ነው። ስሙ የግሪክ ነው፣ «ትልቅ በላተኛ» እንደማለት። ጉልበቴ ውስጥ የፈሰሰውን ቀይ የደም ሕዋስ እየዋጠ ይፈጫል፣ እኔ ከላይ ሆኜ የማየው የፍጭቱን ቀለም ነው።

እኔን ግን ከዚህ ይልቅ የሚገርመኝ በደም ሥር ውስጥ የሚሆነው ነው። አንድ ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ያህል ይኖራል። አብዛኞቹ አርጅተው ጣፊያና ጉበት ውስጥ በሥርዓት ይዋጣሉ። አንዳንዱ ግን መንገድ ላይ ይፈነዳል፣ በወባ ጊዜ ደግሞ በብዛት ይፈነዳል። ያኔ ውስጡ የነበረው ሄሞግሎቢን ይዘረገፋል። ሄሞግሎቢን ሕዋሱ ውስጥ ሳለ ደግ ነው፣ ኦክስጅን ይሸከማል። ሲወጣ ለሁለት ይከፈልና በኩላሊት ወንፊት ሾልኮ ያልፋል፤ ኩላሊቱን ይጎዳል። ወባ በጣም ሲጠና ሽንት እንደ ቡና የሚጠቁረው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ሃፕቶግሎቢን ይመጣል። ጉበት የሚሠራው ፕሮቲን ነው። ደም ውስጥ ሲዞር ይውልና ሄሞግሎቢን ሲያገኝ ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል፣ ከዚያ በኋላ አይለቀውም። ማክሮፌጁ ላይ ደግሞ ሲዲ 163 የሚባል ተቀባይ አለ። ሥራው ምን እንደሆነ የታወቀው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2001 ነው፣ የዴንማርክ ተመራማሪዎች ናቸው ያገኙት። ተቀባዩ አጥብቆ የሚይዘው ጥንዱን ነው፣ ሄሞግሎቢን በሃፕቶግሎቢን ተይዞ ሲመጣ።

ከያዘው በኋላ የማክሮፌጁ ሽፋን ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ከሥር ክላትሪን የሚባል ፕሮቲን እንደ ሌማት ስፌት ተጠላልፎ ጉድጓዱን ይደግፈዋል። አፉ ይገጥምና ከረጢት ሆኖ ወደ ውስጥ ይገባል። ከረጢቱ ውስጥ አሲዱ ይጨምራል፣ ተቀባዩ የያዘውን ይለቃል። ከዚያ ተቀባዩ ተመልሶ ሽፋኑ ላይ ይወጣል፣ ለሌላ ዙር። ጭነቱ ላይሶዞም ወደሚባለው ወፍጮ ይሄዳል።

ሃፕቶግሎቢኑስ? እሱም ከጭነቱ ጋር ይፈጫል። አይመለስም። ብረት የሚያመላልሰው ትራንስፈሪን እንኳ ጭነቱን አራግፎ ይመለሳል፣ ይሄኛው ግን አንዴ ይዞ ከገባ ገባ ነው። ለዚህ ነው ሐኪም ደም እየፈረሰ ነው ብሎ ሲጠረጥር ሃፕቶግሎቢን የሚያስለካው። ከወረደ፣ ወይ ጭራሽ ከጠፋ፣ ብዙ ሄሞግሎቢን ተሸክሞ ገብቷል ማለት ነው። እኔ የላቦራቶሪ ሰው ነኝ፣ ውሎዬ ሁሉ ያለውን መለካት ነው። በመጥፋቱ የሚመሰክር ነገር ደስ ይለኛል።

ስለ ላቦራቶሪ ካነሳሁ አይቀር አንድ ጥፋቴን ልናገር። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ከአንዲት እናት ደም ስቀዳ ሲሪንጁን በኃይል ሳብኩት። ሴንትሪፊዩጅ ውስጥ ዞሮ ሲወጣ፣ እንደ ብርዝ መሆን የነበረበት ሴረም፣ ከላይ የሚንሳፈፈው የደሙ ፈሳሽ፣ የከርከዴ ሻይ መስሏል። ሕዋሶቹን እኔ ነኝ ያፈነዳኋቸው። ማየቱን አየሁት፣ ግን ዝም ብዬ ሠራሁት። ከፈነዱት ሕዋሶች ፖታሺየም ስለፈሰሰ ውጤቱ በጣም ከፍ ብሎ ወጣ፣ ሐኪሙ ደንግጦ እየሮጠ መጣ። እንደገና ተቀዳ፣ ደህና ነበሩ። ሴትዮዋ «ደሜን ጨረሳችሁት» አሉኝ። ቱቦ ውስጥ ሃፕቶግሎቢን አለ፣ ሄሞግሎቢኑንም ይይዛል፤ የሚረከበው ማክሮፌጅ ግን የለም። ስለዚህ ቀይ እንደሆነ ይቀራል፣ ጥፋቴም ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

ቆይ፣ ሰማችሁት? «ቆራሌው!» ይላል። በሰዓቱ ነው የመጣው። ላይሶዞሙ ፕሮቲኑን ከፈጨ በኋላ የሚቀረው ሂም ነው፣ ብረት የያዘው ክፍል። አንድ ኢንዛይም ይሰብረዋል፤ ቢሊቨርዲን፣ ትንሽ ካርቦን ሞኖክሳይድና ብረት ይወጣል። ብረቱ ወደ መቅኔ ተመልሶ አዲስ ደም ይሠራበታል። እኛ ጤፍ ብረት አለው ብለን እንኮራለን፣ እንኩራ። ግን አንጀታችን ከምግብ የሚወስደው በቀን ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ነው። ማክሮፌጆች ከአሮጌ ደም ለቅመው የሚመልሱት 20 ሚሊግራም ይበልጣል። ማክሮፌጅን የጽዳት ሠራተኛ የሚሉት አይዋጥልኝም። ቆራሌው ነው፣ ወስዶ አይጥልም።

ይህ የማክሮፌጅ እጅ ሁሉን መቀበሉ ጣጣም አለው። የተበላሸ ኮሌስትሮል የሚቀበሉት ተቀባዮች ጠግቤያለሁ አያውቁም፤ ማክሮፌጁ በስብ ይሞላና ደም ሥር ግድግዳ ላይ ተጋድሞ ይቀራል። ከመተማና ከሁመራ፣ ከሰሊጥ አጨዳ፣ ጣፊያቸው አብጦ የሚመጡልን የካላ አዛር ታማሚዎችም አሉ። የአሸዋ ዝንብ ያስገባችው የበሽታው ጥገኛ ተሕዋስ የማክሮፌጅን በሮች፣ ተቀባዮቹን፣ አንኳኩቶ ይገባል። ወፍጮው ውስጥ ይቀመጣል፣ አይፈጭም፣ እዚያው ይራባል። ስለ እሱ ራሱን የቻለ ክፍል እሠራለሁ፣ በዚህ አላልፈውም።

እ? ... እማማ ናቸው። የተሸነቆረውን ብረት ድስት ለቆራሌው ሊሸጡ ነው፣ «ነይ ተከራከሪልኝ፣ ሊያታልለኝ ነው» ይላሉ። ሳያልፍ ልድረስበት። ቻው።