ተስፋ በመጨረሻ የሚመጣበት መንገድ

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ የተወደዳችሁ አድማጮች። ዛሬ እንግዳ አልጋበዝሁም፤ ለረጅም ጊዜ በልቤ ይዤው የቆየሁትን አንድ ነገር ብቻዬን ላወራችሁ ነው።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት ምዕራፍ 5 ላይ መከራ ትዕግሥትን፣ ትዕግሥት ፈተናን፣ ፈተና ደግሞ ተስፋን እንደሚያደርግ ይናገራል። መከራው ራሱ ፈተና ከሆነ ትዕግሥት እንዴት መልሶ ፈተናን ይወልዳል እያልሁ ዓመታት ግራ ሲገባኝ ኖሬአለሁ። ኋላ እንደተረዳሁት፣ በግሪኩ «ዶኪሜ» የሚለው ቃል ተፈትኖ እውነተኛ ሆኖ መገኘትን ያመለክታል፤ ኢዮብ «ከፈተነኝም በኋላ እንደ ወርቅ እወጣለሁ» ያለው ዓይነት ነው። ተስፋ እንግዲህ በዚህ ቅደም ተከተል መጨረሻ ላይ ቆሟል። እኔ ግን መከራውን እንድሸከምበት አስቀድሞ እንዲሰጠኝ ነበር የምለምነው።

እናቴ ኩላሊቷ ሥራውን ካቆመ በኋላ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን አራት አራት ሰዓት፣ ከእጥበት ማሽኑ ጋር ትታሰር ነበር። ለእጥበቱ ሲባል የደም ሥሯ በቀዶ ሕክምና የተጋጠመበትን ክንዷን ጆሮዬን ሳስጠጋበት፣ ከቆዳዋ ሥር ደሟ እንደ ንብ ቀፎ ሲያጉረመርም ይሰማኝ ነበር። በቀን የምትጠጣው ውኃ በልክ ስለነበር፣ ዕድሜዋን ሙሉ በማሰሮ ስትቀዳው የኖረችውን ጠበል በቡና ሲኒ ተጎንጭታ በቀረው ፊቷን ታብስበት ነበር። ሰኞ ሰኞ የዕለቱን ዳዊት ይዛ ትገባለች፤ መርፌ የተሰካበትን ክንዷን ማንቀሳቀስ ስለማትችል ገጹን የምገልጥላት እኔ ነበርሁ። «አቤቱ፣ እስከ መቼ ትረሳኛለህ?» የሚለው መዝሙር በሰኞ ዳዊት ውስጥ ነው። እዚያ ስትደርስ ድምፅዋ ዝግ ይል ነበር፤ አንድም ቀን ግን አልዘለለችውም።

እኔ በዚያ ወቅት ተስፋ መቁረጤን እንደ ኃጢአት ቆጥሬ ከሰው ሁሉ ደብቄው ነበር። ከዚያ ስሜት ያወጣኝ ራሱ ጳውሎስ ነው። በሁለተኛይቱ የቆሮንቶስ መልእክቱ መጀመሪያ ላይ፣ በእስያ የደረሰበት መከራ ከዓቅም በላይ ከብዶት ስለ ሕይወቱ እንኳ ተስፋ እስከ መቁረጥ ደርሶ እንደነበር ሳይሸሽግ ይጽፋል። ብዙ ሊቃውንት እንደሚሉት የሮሜ መልእክት የተጻፈው ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ነው። «ተስፋ አያሳፍርም» ያለው ሰው ተስፋ መቁረጥ ምን እንደሆነ በሥጋው የሚያውቅ ሰው ነበር ማለት ነው። ይህን ባወቅሁበት ምሽት ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጸሎቴን ሳላሳምር፣ እንደመጣልኝ ጸለይሁ።

ሊጠይቁን የሚመጡ ሰዎች ብዙ ጊዜ «ለበጎ ነው» ይሉን ነበር። ከፍቅር የመጣ ቃል እንደሆነ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ይህን ቃል የመናገር መብት ያለው አልጋው ላይ የተኛው ሰው ብቻ ይመስለኛል። እግዚአብሔር እኔን ሊያስተምር እናቴን አሳመማት ብዬ አላምንም፤ እንዲህ ያለ አምላክ በወንጌል ውስጥ አላገኘሁም። በወንጌል ውስጥ ያገኘሁት አልዓዛር እንደሚነሣ እያወቀ ወደ መቃብሩ ሲሄድ ያለቀሰውን ጌታ ነው።

በዚያ መከራ ውስጥ ዓላማ የምለውንም ነገር ያገኘሁት በማሰላሰል አይደለም። ከእናቴ ቀጥሎ ባለው አልጋ ላይ አስታማሚ የሌለው አንድ ወጣት ይታከም ነበር። አንድ ሰኞ «እማማ፣ እባክዎ ትንሽ ጮክ ይበሉልኝ» አላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለክፍሉ ሁሉ እንዲሰማ ታነብ ጀመር፤ ነርሶቹም የማሽኑ ደወል ካልጠራቸው በቀር ቆም ብለው ይሰሟት ነበር። ከእግዚአብሔር ያገኘነው መጽናናት በመከራ ያሉትን ሌሎችን የምናጽናናበት እንደሆነ ጳውሎስ በዚያው በቆሮንቶስ መልእክት የጻፈውን፣ እናቴ ሳትሰብክ ስትፈጽመው አየሁ። ገጽ ከመግለጥ በቀር ምንም አላደረግሁም፤ ቢሆንም ወደዚያ ክፍል ስገባ ሰውነቴን ይይዘኝ የነበረው ፍርሃት ከዚያ በኋላ ቀለለኝ።

እናቴ ባለፈው ዓመት በጾመ ፍልሰታ አረፈች። አልዳነችም፤ ተስፋ የምለውም መዳኗን አልነበረም ብዬ ልዋሻችሁ አልችልም፤ እስከ መጨረሻው ሳምንት ድረስ መዳኗን ስለምን ነበር። ዛሬም ትንሣኤ ሙታንን ተስፋ አደርጋለሁ ስል አፌን ሞልቼ የምለው ቀን አለ፣ በሹክሹክታ የምለውም ቀን አለ።

አርባዋ ካለፈ በኋላ በነበረው ሰኞ ዳዊቷን በቦርሳዬ ይዤ ወደዚያ ክፍል ተመለስሁ። ወጣቱ እንዳየኝ ምንም ሳይናገር አጠገቡ ያለውን ወንበር በእግሩ ገፋ አደረገልኝ፤ እኔም ተቀምጬ ከመጀመሪያው መዝሙር ጀመርሁ።