ሦስቱ ቋሚዎች ከመነሣታቸው በፊት
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር፣ ደብረ ብርሃን)

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ እንደምን አደራችሁ። እንኳን በሰላም መጣችሁ።

በዚህ የጥር ውርጭ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤት ገብታችሁ እሳት እንኳ ሳትሞቁ በቀጥታ ወደዚህ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። በዓመቱ የተለዩንን ወገኖቻችንን እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር። እስቲ ለአንድ ደቂቃ ብድግ እንበልላቸው።

ያጽናችሁ። ተቀመጡ።

የሒሳቡን ሪፖርት ገንዘብ ያዣችን ያቀርባሉ። ስለ ድንኳኑና ስለ ሳህኖቹ ንብረት ክፍላችን ይነግራችኋል። እኔ የማወራው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስለ እድር ቤታችን በረንዳ።

በረንዳችን ርዝመቱ 9 ሜትር ነው። በ7 የባሕር ዛፍ ቋሚዎች ላይ ነው የቆመው፤ በየ1 ሜትር ከ50 አንድ ቋሚ ማለት ነው። አራተኛው ቋሚ ከበሩ ፊት ለፊት ድቅን ብሏል። እስካሁን ዞር እያልን አልፈነዋል፤ ለምደነዋል።

ባለፈው ክረምት ግን አንዲት እናታችን አረፉ። ቤታቸው ጠባብ ስለነበር ለቅሶውን እዚሁ ተቀመጥን። አስከሬኑ ሲነሣ አራት ልጆች ሳጥኑን ይዘው ከበሩ ወጡ። ቋሚው ጋ ሲደርሱ ቆሙ። መሀል ሳጥን፣ ግራና ቀኝ ሰው ሆኖ በዚያ ክፍተት ማለፍ አልተቻለም። ሳጥኑን ወደ ጎን ለማዞር ደግሞ በረንዳው አይበቃም። ዝናቡ ይወርዳል፣ ሰው ያለቅሳል። በመጨረሻ ሳጥኑን መሬት አስቀመጡት። ከዚያ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ይዘው፣ አዘንብለው አወጡት። ትልቁ ልጃቸው ሲያልፍ ጋቢው ቋሚው ላይ በወጣች ሚስማር ተያዘ። ሁለት እጁ ሳጥኑ ላይ ነው፤ ማላቀቅ አልቻለም። እኔ ነኝ ያላቀቅሁለት። ሚስማሯን በማግስቱ ነቅያታለሁ። የልጁ ፊት ግን እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ለዚህ ነው ሥራ አመራሩ 2ኛውን፣ 4ኛውንና 6ኛውን ቋሚ እናንሣ ብሎ ሐሳብ ያቀረበው። አራት ቋሚ ይቀራል፣ በየ3 ሜትሩ። የበሩ ፊት ወለል ይላል።

ወጣቶቻችን ይህን ሲሰሙ «መጋዝ እናምጣና ዛሬውኑ እንገላግላችሁ» አሉ። ፍጥነታቸውን እወድላቸዋለሁ። ነገር ግን እባካችሁ፣ ማንም ሰው እነዚያን ቋሚዎች በመጋዝ እንዳይነካ። ምክንያቱን ላሳያችሁ።

ፊቴ ያሉትን ሁለት በርጩማዎችና ይህችን ጣውላ ተመልከቱ። ጣውላዋ 5 በ15 ሴንቲሜትር ናት። በርጩማዎቹን አቀራርቤ ጣውላዋን በጀርባዋ ላስተኛት። ና አንተ፣ መሀሏ ላይ ቁም። አያችሁ፣ ምንም አልሆነችም። አሁን በርጩማዎቹን አራቅኋቸው። ቁም። እንዴት እንደጎበጠች አያችሁ? ጣውላዋም ያችው ናት፣ ልጁም ያው ነው።

ጣራችንም እንደዚሁ ነው። ጭነቱ እኩል ተዘርግቶ በቋሚዎች መካከል ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን፣ አግዳሚውን፣ ማለትም በቋሚዎቹ አናት ላይ ተጋድሞ ጣራውን የያዘውን እንጨት፣ ለመስበር የሚታገለው ኃይል 4 እጥፍ ይሆናል። ጉብጠቱ ደግሞ 16 እጥፍ። ዛሬ ግማሽ ሴንቲሜትር የሚጎብጥ አግዳሚ ነገ 8 ሴንቲሜትር ይጎብጣል ማለት ነው። በረዶ የተከመረ ዕለት ምን እንደሚሆን እናንተው አስቡት።

አሁን ጣውላዋን በጠርዟ ላቁማት። ያዙልኝ፣ እንዳትወድቅ። ቁም። አየህ? በዚህ አቋሟ በጀርባዋ ከተኛችበት ይልቅ ጉብጠትን 9 እጥፍ፣ ስብራትን ደግሞ 3 እጥፍ ትቋቋማለች። ስለዚህ ዋናው ቁመት ነው። አዲሱ አግዳሚያችን ቁመት ያለው መሆን አለበት። ቁመት ሲጨምር ግን ወደ ታች ይወርዳል፤ ረጅም ሰው ጭንቅላቱን እንዳይመታ ከወዲሁ መለካት ያስፈልጋል።

ሌላም አለ። የአሁኑ አግዳሚ አንድ ወጥ እንጨት አይደለም። ሁለት ባለ 4 ሜትር ከ50 እንጨቶች ናቸው። መሰላል አስጠግቼ አይቻለሁ፤ የተጋጠሙት ልክ በ4ኛው ቋሚ አናት ላይ ነው። ሁላችንም ቶሎ ይነሣልን የምንለው ቋሚ መጋጠሚያውን የያዘው ነው። እሱ ቢቆረጥ ጣራው በሰው ላይ ይመጣል።

የሚቀሩት አራቱ ቋሚዎችም እያንዳንዳቸው የዛሬውን እጥፍ ይሸከማሉ። አሁን እግራቸው አፈር ውስጥ ነው። አንዱን በቢላ ወጋሁት፤ መሬቱ ጋ እንደ ዳቦ ይገባል። ስለዚህ ከሥራቸው የአርማታ መሠረት ይፈልጋሉ። በቡሎን መታሰርም አለባቸው፤ ቋሚ ጣራን መሸከም ብቻ ሳይሆን ወደ ታች ይዞም ያስቀራል። ቆርቆሮ ቀላል ነው። የኛን አገር ንፋስ ታውቁታላችሁ፤ ከሥር ከገባ ጣራውን አንሥቶ ነው የሚሄደው።

አግዳሚው ከምን ይሁን? እኔ ቱቦላሬ ብረት ይሻላል ባይ ነኝ። ባሕር ዛፍ ደጃችን ሞልቷል፣ ርካሽም ነው። ነገር ግን እርጥቡን ካስገባነው ሲደርቅ ይጠመዘዛል፣ ይሰነጠቃል። የብረቱን ውፍረትና ቁመት ግን እኔም ሆንኩ በያጁ በግምት አንወስንም። መሐንዲስ አይቶ ያስላልን። የመጀመሪያው ወጪያችን ይህ ይሁን ብዬ አጥብቄ እጠይቃችኋለሁ።

ሥራው ሲጀመር መጀመሪያ ፑንቴሎ፣ ማለትም ጊዜያዊ የድጋፍ ቋሚ፣ ይደረደራል፣ ከአግዳሚው ወደ ውስጥ፣ በጣራው እንጨቶች ሥር። ከፑንቴሎዎቹ እግር ሥር ጣውላ ይነጠፋል፣ አፈር ውስጥ እንዳይሰምጡ። ከዚያ በክሪክ ጣራው በጣም በትንሹ፣ አግዳሚውን እስኪለቅ ብቻ ይነሣል። ከዚያ በላይ ከተነሣ ሚስማሮቹ ቆርቆሮውን ይቀዱታል። አዲሱ ገብቶ ከታሰረ በኋላ ክሪኩ ቀስ እያለ ይወርዳል። በዚያ ሰዓት ሕፃናት ግቢው ውስጥ እንዳይኖሩ። በየካቲት ብንጀምር የክረምቱ ዝናብ ሳይመጣ እንጨርሳለን። ሞት ቀጠሮ አይሰጥምና፣ ሥራው እስኪያልቅ ድንኳኑ ዝግጁ ሆኖ ይቆያል።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህን በረንዳ ያቆሙት አባታችን እዚህ ተቀምጠዋል። ትናንት ቤታቸው ሄጄ ነበር። እሳቸው ከመንዝ ናቸው፤ ጣራን ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ በሚሸከምበት አገር ነው ያደጉት። «ልጄ፣ 4ኛው ቋሚ ከኔ ጓሮ የተቆረጠ ነው» አሉኝ። ሌሎቹም ከሌሎች መሥራቾች ጓሮ የመጡ ናቸው፤ ግማሾቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። ስለዚህ ሦስቱ ቋሚዎች ለማገዶ አይሄዱም። የበሰበሰው ጫፋቸው ተቆርጦ፣ ተልገው፣ በግድግዳው ሥር የአዛውንቶች መቀመጫ ይሆናሉ። አናጺዎቻችን የእጅ ዋጋ አንቀበልም ብለዋል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን።

ክሪክ ያላችሁ ከጉባኤው በኋላ ስማችሁን ለጸሐፊያችን ስጡ። አሁን እሳቸው የዋጋ ማቅረቢያዎቹን ያነቡልናል፤ ከዚያ እጅ በማውጣት እንወስናለን።