እምቦጭን እንደ ሙሽራ የኳልናት ጊዜ

የተከበራችሁ የዲዛይነሮች ማኅበራችን አባላት፣ ከባሕር ዳርና ከደባርቅ የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ እንደምን አደራችሁ? እንኳን ወደ ጎንደር በደኅና መጣችሁ።

ሊቀመንበር ሲነሳ ሪፖርት ነው የሚጠበቀው። ሪፖርቱን ጸሐፊያችን ያቀርባል። እኔ አንድ ጥፋቴን ልናዘዝ።

ጣናን ስለወረረችው አረም፣ ስለ እምቦጭ፣ ፖስተር ሥሩልን ተባልን። ቡድኑን የመራሁት እኔ ነበርኩ። ቢሮ ቁጭ ብለን፣ ከኢንተርኔት ፎቶ አውርደን፣ ሦስት ቀን ለፋን። ሐምራዊ አበባዋ ፈክታለች፤ ከኋላዋ ውሃው ሰማያዊ ነው። ኮራንባት! ይዘናት ጣና ዳር፣ ጎርጎራ ወረድን። አንድ ዓሣ አጥማጅ አባት ትክ ብለው አዩዋትና፣ «ልጄ፣ እንደ ሙሽራ ኩላችሁ አመጣችኋት እኮ» አሉኝ። የቆመው ሰው ሁሉ ሳቀ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

እሳቸው ግን አልተዉኝም። እጄን ይዘው ወደ ታንኳቸው ወሰዱኝና መረባቸውን ጎተቱ። ዓሣ የለም። ጥቁር ሥሩ እንዳልተበጠረ ፀጉር የተጠላለፈ አረም ብቻ፣ ውሃው እየተንጠባጠበ። «እኛ የምናውቃት ይቺን ነው» አሉ። ጥፋታችን ደግሞ የመልክ ብቻ አልነበረም። እምቦጭ ካበበች ዘር ታፈራለች፤ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይቆያል። ማሳየት የነበረብን ሳታብብ ስትነቀል ነበር። ሁለተኛው ፖስተር የተሠራው ከዚያ መረብ ነው፦ ሁለት እጅ፣ አንድ መረብ፣ አንድ መስመር ጽሑፍ። አበባ የለበትም።

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ዋልያን ስንቶቻችን ስለናል? እሺ፣ ከሰሜን ተራሮች በቀር የትም የሌለውን ይህን እንስሳ ወጥቶ ያየስ? ደባርቅ እኮ ከዚህ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

እዚሁ ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ጣሪያውን ቀና ብሎ ያየ ሰው የመላእክቱን ዓይን አይረሳም። ሰዓሊው ከሥር የሚቆመው ምእመን አብዛኛው ፊደል እንደማይቆጥር ያውቅ ነበር። እኛ አንዷ ፖስተር ላይ 200 ቃል እንጠቀጥቃለን፤ የታችኛው ሲሶ ደግሞ የስፖንሰር ሎጎ ሰልፍ ነው። አንዳንዴስ ዘመቻው የሎጎዎቹ ይመስለኛል።

በጀት የለም ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 የዓለም የዱር እንስሳት ፈንድ ሲቋቋም፣ ከመሥራቾቹ አንዱ ፒተር ስኮት ለአርማው ፓንዳን ሲመርጥ፣ አንዱ ምክንያት ጥቁርና ነጭ መሆኑ ነበር። ለኅትመት ይረክሳል። እጥረቱ ራሱ ንድፉን ሠራላቸው።

የባነሩን ነገር እንኳ ባላነሳው ደስ ባለኝ። ፕላስቲክ ይቀነስ ለሚል ዘመቻ አሥር ሜትር የፕላስቲክ ባነር አሳትመናል። ዘመቻው የዋለው አንድ ቀን ነው። ባነሩ ዛሬም የጎረቤቴ የዶሮ ቤት ጣሪያ ሆኖ ያገለግላል፤ ዶሮዎቹ አላማረሩም። ዘንድሮ ከኋላዬ የምታዩት አቡጀዲ ነው፣ በእጅ የተጻፈ። የ«ጉባኤ» «ኤ» ትንሽ ተንጋዳለች፣ ይቅርታ።

«ለበጎ ሥራ ነው፣ በነጻ ሥሩልን፣ ለነገ ጠዋት ይድረስ» የሚሉንን አልቀየማቸውም። ግን ጉልበታችንን በነጻ ከሰጠን፣ የአንድ ቀን ትራንስፖርት ይቻሉን። ቡድን የምትመሩ ልጆች፣ ይህን አፍ አውጥቶ መጠየቅ የእናንተ ሥራ ነው። ጀማሪው ዲዛይነር ደፍሮ አይጠይቅም።

ስለዚህ ከሰዓት በኋላ አንድ ሐሳብ ለድምፅ ይቀርባል፦ ቦታው ሳይታይ፣ የቦታው ሰዎች ሳይጠየቁ፣ ማንም አባል ኮምፒውተር እንዳይከፍት። የሚቃወም ካለ እጁን ያውጣ፣ እንከራከራለን። ሁለቱም ፖስተሮች በሩ ላይ ተለጥፈዋል፤ ሙሽራዋ በስተግራ ናት።

ጉባኤው ተከፍቷል። ቡናው ከኋላ ነው።