ካሮቱና መነጽሩ

ውድ ወላጆች፣ የተከበራችሁ መምህራን፣ እንደምን አረፈዳችሁ?

የዓይን ምርመራ ባለሙያ ነኝ። እንደምታዩት እኔም መነጽር አደርጋለሁ፤ ማይነስ 4፣ ማለትም ሩቅ ማየት ለሚያቅተው ሰው የሚታዘዝ። የጠራችሁኝ ስለ ምግብና ስለ ዓይን እንድናገር ነው። እንግዲያው ከካሮት ልጀምር።

አራተኛ ክፍል ሳለሁ ሰሌዳው ላይ 8 እና 3 ይምታቱብኝ ነበር። አጠገቤ ከምትቀመጠው ልጅ ደብተር እገለብጣለሁ፤ እሷ ከሳተች እኔም ሳትኩ። ታክሲ የምሳፈረው ታፔላ አንብቤ ሳይሆን ረዳቱ ሲጮህ ሰምቼ ነው። እማዬ መድኃኒቱን ታውቀዋለች፦ ካሮት! ጠዋት ጥሬውን፣ ማታ ቅቅሉን። ዓመት ሙሉ በላሁ። ታፔላው ያው ብዥ እንዳለ ቀረ።

እማዬ ፍጹም ተሳስታለች ማለት አይደለም። ሰውነታችን ከካሮት ቫይታሚን ኤ ይሠራል። ቫይታሚን ኤ ሲጎድል ልጅ መሸት ሲል ማየት ያቅተዋል። አያቶቻችን ዳፍንት የሚሉት ይህንን ነው። ሲብስ ያሳውራል። ጤና ጣቢያ ለሕፃናት ከ6 ወራቸው ጀምሮ እስከ 5 ዓመት በየ6 ወሩ አፋቸው ላይ የሚጨመቀው ካፕሱል ለዚሁ ነው።

የኔ ችግር ግን ዳፍንት አልነበረም። ሩቅ ማየት የሚያቅተው ሰው የዓይኑ ኳስ ብዙውን ጊዜ ከልክ በላይ ረዝሟል። የሩቁ ምስል ሬቲናው ጋ፣ ማለትም ከዓይን ጀርባ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን ጋ፣ ሳይደርስ ከፊቱ ይቀራል። የረዘመ ዓይን ደግሞ በካሮት አያጥርም።

ታዲያ ምግቡ ይቅር? ኧረ አይቅር። ጎመኑም፣ እንቁላሉም፣ ጉበቱም ለዓይን ደግ ናቸው። ቫይታሚን ኤ ያለ ቅባት በደንብ አይዋሃድምና ጎመኑን በጾምም ቢሆን ዘይት ጠብ አድርጉበት። ብቻ መነጽርን ይተካል አትበሉ።

ከሳህኑ ይልቅ ደጁ ይሻላል። ቻይና ውስጥ፣ ጓንግዡ ከተማ፣ የአንደኛ ክፍል ልጆች በትምህርት ቀን 40 ደቂቃ ተጨምሮላቸው ውጪ እንዲውሉ ተደረገ። ከ3 ዓመት በኋላ ሩቅ ያለማየት ችግር የጀመራቸው ከ100 ልጆች 30 ገደማ ነበሩ፤ እንደወትሮው ከተማሩት ግን 40 ገደማ። እኛ ፀሐይ ሞልቶን ልጆቻችን ሶፋ ላይ በስልክ ተጣብቀው ይውላሉ! ቀድሞ መነጽር ያደረገውን ግን ፀሐይም መነጽሩን አታስጥለውም።

«መነጽር ዓይን ያሰንፋል» የምትሉም አላችሁ። አያሰንፍም። እኔን ያሰነፈኝ አለማድረጌ ነው።

አሁን በሩ አጠገብ የፊደል ሰንጠረዥ ሰቅለናል፤ 6 ሜትር ላይ መስመር አስምረናል። ልጆቻችሁን አንድ ዓይናቸውን እያስሸፈንን እናያለን። እባካችሁ በመዳፋቸው ይሸፍኑ። በጣት ከሆነ በመሃሉ ያያሉ። እኔ አምስተኛ ክፍል ምርመራውን ያለፍኩት እንደዚያ ነው።