ሎሚና አመድ

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። የማወራው ስለ ራሴ ሞኝነት ስለሆነ ብቻዬን ብናገር ይሻላል።

አክስቴ ሜሪላንድ መኖር ከጀመሩ ቆይተዋል። ባለፈው ዓመት ቁም ሣጥናቸውን ሲያደራጁ በነጠላ ቁራጭ የተቋጠሩ አምስት ጠገራ ብሮች አወጡና «ልጄ፣ በኢንተርኔት የሚገዛ አለ ይባላል፤ ሽጥልኝና ጥርሴን ልታከምበት» አሉኝ። እኔ በኢንተርኔት ጨረታ አንድም ነገር ሸጬ አላውቅም ነበር። ግን መርካቶ ያደገ ሰው መሸጥ ያቅተዋል?

ያ ኩራት ነው ያበላሸኝ። መርካቶ ውስጥ ገዢው ዕቃውን ያነሣል፣ ይገለብጣል፣ ያንኳኳል፣ «የመጨረሻው ስንት ነው?» ይላል። ሻጩም የሰውዬውን ፊት አይቶ ይመልሳል። በኢንተርኔት ጨረታ ገዢው ዕቃውን የሚዳስስበት እጅ የለውም፤ ያለው የእኔ ፎቶግራፍና የእኔ ቃል ብቻ ነው።

ፎቶግራፍ ላነሣ ስሄድ አክስቴ አራቱን ብሮች ሌሊቱን በሎሚና በአመድ ፈትገው፣ በጨርቅ ወልውለው፣ እንደ መስታወት አብርተው ጠበቁኝ። «ገበያ የሚወጣ ነገር ፊቱን ይታጠባል» አሉ። አምስተኛውን አልነኩትም። ድሮ በአንገት ይንጠለጠል ስለነበር አናቱ ላይ ቀለበት ተበይዶበታል፤ በላዩ የተቀረጸችው የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ ፊትም በመፋተግ ብዛት ለስልሷል። «እሱስ የተበላሸ ነው፣ ተወው» አሉኝ። እኔም አራቱን ደርድሬ አነሣሁና ከሥራቸው «እንደ አዲስ የሚያበራ የ1780 ጥንታዊ ብር» ብዬ ጻፍኩ።

ጠገራ ብርን የምታውቁ አሁን እየሳቃችሁ ይሆናል። ማርያ ቴሬዛ የሞተችው በ1780 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በኋላ በስሟ የተመታው ብር ሁሉ፣ ቪየና ይሁን ለንደን፣ ፓሪስ ይሁን ቦምቤይ፣ ያንኑ 1780 ይዞ ነው የወጣው። ጣሊያን እንኳ አገራችንን ለመውረር ስትሰናዳ እ.ኤ.አ. በ1935 ሮማ ላይ ማስመታት ስትጀምር ዓመቱን አልቀየረችም። ስለዚህ እኔ የብሩን ዕድሜ የተናገርኩ መስሎኝ በላዩ የተጻፈውን ቁጥር ነበር የገለበጥኩት። አዋቂዎቹ አንዱን ከሌላው የሚለዩት በንግሥቲቱ የደረት ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች ቆጥረው፣ በብሩ ጀርባ ያለውን ንስር የጅራት ላባ መርምረው ነው። የእኔ ፎቶግራፍ ደግሞ ከሩቅ የተነሣ ነው፤ ከነጸብራቅ በቀር የሚታይ ነገር አልነበረውም።

አንድ ተጫራች «የንስሩን ጅራት ቀረብ አድርገህ ልታሳየኝ ትችላለህ?» ብሎ ጻፈልኝ። ሥራ በዝቶብኝ ሁለት ቀን ዝም አልኩት። በሦስተኛው ቀን ራሱ ተመልሶ «ግድ የለም፣ ተወው። ሳንቲሞቹ ተፈትገዋል፤ ሰብሳቢ አይገዛቸውም» አለኝ። ለካ ሰብሳቢ የሚወደው በዘመን ብዛት ብሩ ላይ የሚያርፈውን ያንን ጥቁረት ነው። ሲፈተግ ጥቁረቱ ብቻ አይሄድም፤ የብሩም ቆዳ አብሮ ይገፈፋል፣ በማጉያ መነጽር ሲያዩት ጭረቱ እንደታረሰ ማሳ ነው። ለአክስቴ ይህን መንገር አልሆነልኝም።

መነሻውንም አንድ ዶላር አድርጌው ነበር። ፈላጊው ብዙ ለሆነ ዕቃ ዝቅተኛ መነሻ ሰው ይሰበስባል፤ ፈላጊው ጥቂት ከሆነ ግን ዋጋው እዚያው አካባቢ ይቀራል። አንድ ጠገራ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከዚያ ውስጥ ከ23 ግራም በላይ የሚሆነው ንጹሕ ብር ነው። ቢያንስ የዚያን የዕለቱን ዋጋ አስልቼ መነሣት ነበረብኝ። በአምስተኛው ቀን ዋጋው ፈቀቅ አልል ሲል የአጎቴ ልጅ «በሌላ ስም ገብቼ ከፍ ላድርግልህ?» አለኝ። ለራስ ዕቃ ሰው አስገብቶ ዋጋ ማስጨመር በጨረታ ድረ ገጾች የተከለከለ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ በሕግም ያስጠይቃል። እምቢ አልኩት። እውነቱን ለመናገር ከቅንነቴ ይልቅ ፍርሃቴ በልጦ ነው።

የሚዘጋበትንም ሰዓት አላሰብኩበትም። የሰባት ቀን ጨረታ የሚዘጋው በተከፈተበት ደቂቃ ነው። እኔ ከሥራ ገብቼ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ከፈትኩት፤ በሳምንቱም ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ተዘጋ። ልምድ ያላቸው ተጫራቾች ዋጋቸውን የሚጥሉት በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ነው፤ አገር ምድሩ ተኝቶ ማን ከማን ይፎካከራል? አራቱም በውስጣቸው ካለው ንጹሕ ብር ዋጋ በታች ሄዱ። አሁን የምዘጋው እሑድ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ነው። ያን ጊዜ ካሊፎርኒያ ገና 12 ሰዓት ስለሆነ ሰዉ እራቱን እየጠበቀ ስልኩን ይነካካል።

በዚህም አላበቃም። አንዱን ብር በተራ የወረቀት ፖስታ ላክሁት። ደብዳቤ የሚለየው ማሽን ፖስታውን በተሽከርካሪዎች መካከል እያጣጠፈ ነው የሚያሳልፈው፤ ወፍራምና ጠንካራ ነገር ሲገጥመው ወረቀቱ ይቀደዳል። ገዢው በላከልኝ ፎቶግራፍ ላይ ፖስታው ባዶ ነው፤ ጎኑ እንደ ግማሽ ጨረቃ ተቀድዷል። መከታተያ ቁጥር አልነበረኝም፣ መድን አልነበረኝም። ገንዘቡን መለስኩ።

ገንዘቡን በመለስኩበት ምሽት ስለ ጨረታ ድረ ገጹ ስለ ኢቤይ አጀማመር አነበብኩ። ፒየር ኦሚድያር እ.ኤ.አ. በ1995 ድረ ገጹን ሲከፍት መጀመሪያ ከተሸጡት ዕቃዎች አንዱ የተሰበረ የሌዘር ጠቋሚ ነበር፤ በ14 ዶላር ከ83 ሳንቲም ተሸጠ። መሰበሩን ያውቅ እንደሆነ የተጠየቀው ገዢ «የተሰበሩትን ነው የምሰበስበው» ብሎ መለሰ ይባላል። ተነሥቼ አምስተኛውን ብር ከመሳቢያ አወጣሁት።

በመስኮት ብርሃን፣ በጥቁር ጨርቅ ላይ አድርጌ አነሣሁት፤ የደረት ጌጧን ለብቻ፣ የንስሩን ጅራት ለብቻ፣ ጠርዙን ለብቻ፣ ብየዳውን ለብቻ። ከሥሩ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ቀለበት ተበይዶበታል። ፊቱ ለስልሷል። አልተፈተገም። ኢትዮጵያ ውስጥ ሴቶች በአንገታቸው አድርገውታል። የት እንደተመታ አላውቅም፤ ፎቶግራፉን አይታችሁ ፍረዱ።» ጥያቄ ሲመጣ በዕለቱ መለስኩ። እሑድ ማታ በመጨረሻው ደቂቃ ሦስት ሰዎች ተናጠቁት፤ ከአራቱ ከየትኛውም በልጦ ሄደ። ያሸነፈችው ሴት ስትጽፍልኝ የምትፈልገው የተለበሰውን እንደነበር ነገረችኝ። በካርቶን መካከል አጣብቄ፣ በሣጥን፣ ከመከታተያ ቁጥር ጋር ላክሁላት።

ገንዘቡን ይዤ አክስቴ ዘንድ ሄድኩ።

«ያ የተበላሸው ነው ሁሉን የበለጠው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

መነጽራቸውን አውልቀው ጥቂት አሰቡ። «አየህ፣» አሉኝ፣ «እሱንም ፈትጌው ቢሆን ኖሮ ስንት ያወጣ ነበር!»