ያልወረወረበት ዓመት

የተከበራችሁ ወላጆች፣ አሠልጣኞችና ወጣት ተጫዋቾች፤

ልጆቻችን እዚህ አሜሪካ ቤዝቦል መጫወት ከጀመሩ ወዲህ «ቶሚ ጆን» የሚለውን ስም ብዙዎቻችን የሰማነው የክርን ቀዶ ሕክምና መጠሪያ ሆኖ ነው። እኔ ዛሬ የምናገረው ግን ስለ ሰውየው፣ በ26 የውድድር ዘመናት 288 ጨዋታዎችን ስላሸነፈው ግራኝ ወርዋሪ ነው።

ቶሚ ጆን በትልቁ ሊግ መወርወር የጀመረው በፈረንጆቹ 1963 ነው። ኳሱ በፍጥነት የምታስፈራ አልነበረችም፤ መቺው ዘንድ ስትደርስ ወደ ታች ስለምትወርድ ብትመታም መሬት ለመሬት ትንከባለል ነበር።

በ1974 ሐምሌ ወር፣ ለሎስ አንጀለስ ዶጀርስ 13 አሸንፎ 3 ብቻ በተሸነፈበት ወቅት፣ እየወረወረ ሳለ የግራ ክርኑን አጥንቶች የሚያያይዘው ጅማት ተበጠሰ። እስከዚያ ቀን ድረስ ይህ ጉዳት የደረሰበት ወርዋሪ ሙያው አበቃ ማለት ነበር። ዶክተር ፍራንክ ጆብ ከቀኝ ክንዱ ጅማት ወስዶ፣ የግራ ክርኑን አጥንቶች በስቶ፣ በቀዳዳዎቹ አሳልፎ አሰረለት፤ የመመለስ ዕድሉ ከመቶ አንድ መሆኑንም አልደበቀውም። ቀጥሎ ነርቩ ተጎድቶ ጣቶቹ እንደ አሞራ ጥፍር ታጠፉ፤ በታኅሣሥ እንደገና በቀዶ ሕክምና ተከፈተ።

ልጄ ከጨዋታ በኋላ ክርኑን በሌላ እጁ ደግፎ መኪና ውስጥ ሲገባ ባየሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ከዚያ በኋላ የመጣው 1975 ነው። ቶሚ ጆን በዚያ ዓመት በትልቁ ሊግ አንድም ጨዋታ አልወረወረም። ኳስ መጨበጥ ያቃተውን እጅ ከመነሻው እያለማመደ፣ የሰውነትን እንቅስቃሴ በሳይንስ ያጠና ከነበረው የቡድን ጓደኛው ከማይክ ማርሻል ጋር አወራወሩን ለወጠ።

በ1976 ተመለሰ። ከጉዳቱ በፊት 124፣ ከዚያ በኋላ 164 ጨዋታዎችን አሸነፈ፤ በአንድ ዓመት 20 እና ከዚያ በላይ ያሸነፈባቸው ሦስቱም ዘመናት፣ 1977፣ 1979 እና 1980፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የመጡ ናቸው። ያቆመው በ1989፣ በ46 ዓመቱ ነው።

አሠልጣኞቻችን፣ እነዚህ ድሎች የመጡት ክንዱ ሙሉ ዓመት ከሊጉ ጨዋታ ስላረፈ ጭምር ነውና፣ በመጪው ቅዳሜ ክርኔን አመመኝ የሚል ልጅ ሲመጣ፣ ቡድኑ ሰው ቢያጥረውም እንኳ፣ ስሙን ከወርዋሪዎች ዝርዝር እንድታወጡለት በአክብሮት እጠይቃለሁ።