‹ድርሰት› ከሚለው ቃል ቀጥሎ የሚጻፈው ስም

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣
የተከበራችሁ ተጋባዥ እንግዶቻችን፣

እንኳን ለዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ። በመክፈቻ ንግግር ያለፈውን ዓመት ሥራ እየዘረዘሩ ማመስገን የተለመደ ነው፤ ይሁንና የሥራ ክንውን ሪፖርቱን የማኅበራችን ጸሐፊ ከእኔ በኋላ ስለሚያቀርቡ፣ የተፈቀዱልኝን ደቂቃዎች በአንድ ጉዳይ ላይ ብቻ ላውላቸው እወዳለሁ። ጉዳዩም ፊልሙ ወይም ድራማው ሲጀምር ‹ድርሰት› ከሚለው ቃል ቀጥሎ ለጥቂት ሰከንዶች ታይቶ የሚጠፋው ስም ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

የልብ ወለድ ጸሐፊ የጻፈው መጽሐፍ ራሱ የመጨረሻው ሥራ ነው፤ አንባቢው ዘንድ የሚደርሰው እሱ የመረጠው ቃል፣ እሱ ባስቀመጠው ቦታ ነው። የእኛ የፊልምና የድራማ ደራስያን ጽሑፍ ግን ወደ ሌላ ነገር እንዲለወጥ ተብሎ የሚጻፍ ነው። አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ያህል ይሆናል ብለን እያሰላን ለአንድ ሙሉ ፊልም ከ90 እስከ 120 ገጽ እንጽፋለን፤ ከዚያም ዳይሬክተሩ ትዕይንት ይቀንሳል፣ ተዋናዩ ምልልሱን ለአፉ እንዲመቸው ያደርገዋል፣ ኤዲተሩ መጨረሻ የነበረውን መጀመሪያ ያመጣዋል። ይህ የሙያው ጠባይ ስለሆነ አልከፋበትም፤ ብዙ ጊዜም ሥራውን አሻሽሎታል። ነገር ግን ቀረጻው ሲያልቅ ያንን ወረቀት ተመልሶ የሚያነብ የለም፤ ተመልካቹም ልቡን የነካውን ንግግር የተዋናዩ አድርጎ ይወስደዋል። ስለዚህ ለደራሲው ከሥራው የሚተርፈው ስሙ ነው። ቀጣዩ ሥራ የሚገኘው፣ የሚቀጥለው ውል ዋጋ የሚወሰነው፣ አንዳንድ ቦታም ሥራው በድጋሚ በታየ ቁጥር የሚታሰበው ክፍያ የሚመጣው በዚያ ስም ነው። ስሜ ይጻፍልኝ ማለትን እንደ ከንቱ ውዳሴ የሚቆጥሩ ባልደረቦች አሉን፤ እኔ ከእነሱ ጋር አልስማማም።

የስምን ዋጋ ከአሜሪካዊው የፊልም ደራሲ ከዳልተን ትራምቦ በላይ የሚያስረዳ የሙያችን ታሪክ አላውቅም። በ1947 የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ስለ ፖለቲካ አቋማቸው ጠርቶ ሲጠይቃቸው መልስ አንሰጥም ካሉት አሥር የፊልም ሰዎች አንዱ ነበር፤ ታሰረ፣ የፊልም ኩባንያዎቹም ጥቁር መዝገብ ውስጥ አስገብተው በስሙ እንዳይሠራ በር ዘጉበት። መጻፉን ግን አላቆመም። በ1953 ለወጣው ‹ሮማን ሆሊዴይ› ታሪኩን የጻፈው እሱ ሆኖ ሳለ፣ ኦስካሩን የተሸለመው ስሙን ያዋሰው ባልንጀራው ኢያን ማክሌላን ሀንተር ነበር፤ ሀንተርም ኋላ ራሱ እዚያው ጥቁር መዝገብ ውስጥ ገባ። በ1957 ደግሞ ‹ሮበርት ሪች› ለተባለ ደራሲ ኦስካር ተሰጥቶ ደራሲው ወደ መድረክ ሳይወጣ ቀረ፤ ከስሙ ጀርባ የነበረው ትራምቦ ነበርና። ስሙ ወደ ስክሪን የተመለሰው በ1960 ነው። የ1957ቱን ሐውልት የተረከበው በ1975፣ ሊሞት አንድ ዓመት ያህል ሲቀረው ነው። የመጀመሪያው ሽልማት እሱ ካረፈ በኋላ በ1993 ለሚስቱ ተሰጠ፤ በፊልሙ ላይ ስሙ እንዲሰፍር የአሜሪካ ደራስያን ማኅበር የወሰነው ደግሞ በ2011 ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ ይህኛው ስም ግን ቦታውን ለማግኘት 58 ዓመት ፈጅቶበታል።

ትራምቦን የጎዳው የፖለቲካ ዘመን ነው። እኛን በየዕለቱ የሚጎዳን ግን ከዚያ ያነሰና ተራ ነገር ነው፤ እሱም ያለ ውል መጻፍና ረቂቅን አለማስቀመጥ ነው። እኔ ራሴ በጀማሪነቴ የአንድ ተከታታይ ድራማ ዝርዝር ታሪክና የመጀመሪያውን ክፍል ምልልስ ጽፌ፣ ቀን እንኳ ሳልጽፍበት፣ በእጄ አስረከብሁ። ከዓመት በኋላ ድራማው በሌላ ሰው ስም ሲታይ ከገጸ ባሕርያቱ አንዷ የተናገረችው ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል የእኔ ነበር። ለክርክር ስነሣ በእጄ የነበረው ትዝታዬ ብቻ ነበር፤ በትዝታ ደግሞ ሙግት አይረታም። የደራስያንን መብት የሚጠብቀው ዓለም አቀፉ የበርን ስምምነት ለደራሲ ሥራው የእኔ ነው የማለት መብት ከ1928 ጀምሮ ያውቅለታል፤ ነገር ግን የቅጂ መብት የሚጠብቀው የተጻፈውን እንጂ የታሰበውን ስላልሆነ፣ የተጻፈው ነገር ከእጁ የወጣበት ደራሲ በሕጉ የሚጠቀምበት መንገድ ይጠብበታል።

የአሜሪካው የደራስያን ማኅበር ለዚህ ዓይነቱ ክርክር ያበጀው ሥርዓት በጥሞና ሊታይ የሚገባው ነው። አንድን ፊልም ከአንድ በላይ ደራስያን ተቀባብለው ጽፈውት በስም ሳይስማሙ ሲቀሩ፣ ረቂቆቹ ሁሉ ማንነታቸው ለማይገለጽ ሦስት የሙያ ዳኞች ይላካሉ። ከሌላ ሥራ ያልተቀዳ ወጥ ድርሰት ከሆነ፣ ኋላ የመጣው ደራሲ በጽሑፉ ላይ ስሙን ለማስፈር ከመጨረሻው ረቂቅ ቢያንስ ግማሹን ያበረከተ መሆን አለበት። በስሞቹ መካከል የምትገባው ማያያዣ እንኳ ትርጉም አላት፤ በ‹&› ምልክት ከተያያዙ ሁለቱ ጥንድ ሆነው አብረው ጽፈዋል ማለት ነው፣ ‹እና› በፊደል ከተጻፈ ግን አንዱ ከሌላው ተለይቶ ለብቻው ጽፏል ማለት ነው። ይህን ለማጣጣል የሚወዱ ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን በአንዲት ምልክት የማንም ድካም እንዳይጠፋ የተጨነቀ ማኅበር አድርጌ አየዋለሁ። ልብ በሉ፣ ሥርዓቱ ሁሉ የቆመው ረቂቆቹ በመኖራቸው ላይ ነው።

ስለ ቴሌቪዥን ጥቂት ልጨምር። በፊልም የመጨረሻው ቃል የዳይሬክተሩ ሲሆን፣ በተከታታይ ድራማ ግን ደራሲው የሥራው ባለቤት ሊሆን ይችላል። አሜሪካዊው የቴሌቪዥን ደራሲ ሮድ ሰርሊንግ ከ1959 እስከ 1964 ከታየው ‹ዘ ትዋይላይት ዞን› ከተባለው ዝግጅቱ 156 ክፍሎች 92ቱን ራሱ ጽፏል፤ እንዲህ ያለ ጉልበት ለሁላችንም አልተሰጠም፣ ለጤናም የምመክረው አይደለም። ሌሎቻችን የምንሠራው በደራስያን ክፍል፣ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ነው፤ ጀማሪው ከነባሩ የሚማረውም እዚያ፣ ከዚያም ቀረጻው ላይ ተገኝቶ ነው። ደራሲውን ቀረጻ ሳይጀመር የማሰናበት ልማድ ይህን የትምህርት ሰንሰለት ይበጥሰዋል። በ2023 የአሜሪካ ደራስያን ለ148 ቀናት ሥራ ካቆሙባቸው ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነበር። የተገኘው ስምምነት በአንድ ተከታታይ ድራማ ላይ ሊቀጠሩ የሚገባቸውን ደራስያን አነስተኛ ቁጥር ወስኗል፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት እንደ ደራሲ እንዳይቆጠርም አድርጓል። እንግዲህ ክርክሩ ዛሬም ‹ድርሰት› ከሚለው ቃል ቀጥሎ ማን ይጻፍ የሚለው ነው።

የሥራ አመራር ቦርዱ ዛሬ ለውሳኔያችሁ ሁለት ሰነዶችን ያቀርባል። አንደኛው የአባላትን ረቂቅ ከነቀኑ ተቀብሎ የሚያስቀምጥ መዝገብ ለማቋቋም የተዘጋጀ ደንብ ሲሆን፣ ሁለተኛው ለማንኛውም አባል የሚያገለግል የናሙና ውል ነው። በናሙና ውሉ የስም አጠቃቀምን የሚመለከተው አንቀጽ ቦርዱን ለሁለት የከፈለ ስለሆነ፣ ከሰዓት በፊት ባለው ዕረፍት በጽሞና አንብባችሁት እንድትመለሱ አደራ እላለሁ። ጸሐፊያችን ሪፖርታቸውን እንዲያቀርቡ በአክብሮት እየጋበዝሁ፣ ጉባኤው መከፈቱን አበሥራለሁ።